ዜማና ባለዜማ

ስለ ሕዝብ ዘፈን በተማሪው ዘንድ ብዙ ይወራል፤ የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም የገጠር ዜማ ወደ ከተማና ወደ ዘመናዊ መሣሪያ ሲሸጋገር፣ ዜማውን ጠብቆ ያቆየው ሰው ምን ይሆናል የሚለው ነው። ጥያቄው ከሰንበቴ፣ ከከሚሴና ከባቲ የመጣነውን ተማሪዎች በተለይ ይመለከታል፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንገልጻለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሕዝብን ዜማ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ያዋሐደው ፎክ ሮክ የተባለው ስልት በዓለም የታወቀው በ1960ዎቹ ነው። በዚህ ስልት ስማቸው ከገነነው መካከል ፖል ሳይመንና አርት ጋርፈንክል የተባሉ ሁለት የኒው ዮርክ ወጣቶች ይገኛሉ። በ1964 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ሰሚ አላገኘም ነበር። በ1965 አሳታሚያቸው ቶም ዊልሰን «የዝምታ ድምፅ» በተባለው ዘፈናቸው ላይ፣ እነርሱን ሳያማክር፣ የኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ጨመረበት፤ ዘፈኑም በ1966 መጀመሪያ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ሆኖም ዘፈኑን ያስወደደው የመሣሪያው ጩኸት ብቻ አይደለም። ሁለቱ ድምፆች ተጠጋግተው ሲሄዱ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፤ ቃሉም ጥርት ብሎ ይሰማል። በ1970 ከተለያዩ በኋላ በ1981 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ተገናኝተው ሲዘፍኑ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ሰምቷቸዋል።

ይህን ሁሉ ስናደንቅ አንድ ጉድለት ማየት ይገባናል። «ስካርቦሮ ፌር» የተባለውን ጥንታዊ የእንግሊዝ ዘፈን ሳይመን የተማረው በ1965 በለንደን ከማርቲን ካርቲ ነው። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም የጊታሩ አገባብ የካርቲ ነበር፤ በ1966 በወጣው አልበም ላይ ግን የካርቲ ስም አልተጻፈም። ካርቲም ለብዙ ዓመታት ቅር ብሎት ኖረ። በ2000 ሳይመን በለንደን መድረክ ጋብዞት አብረው ዘፈኑትና ነገሩ በሰላም አለቀ።

በአገራችንም ለዚህ የሚነጻጸር ታሪክ አለ። በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የግብጽ ተወላጅ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በየክፍለ ሀገሩ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩት ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት በአንድ መድረክ ተቀናጁ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን መራው። በዚያን ጊዜ የሰላም ጓድ ሆኖ የመጣው አሜሪካዊ ቻርልስ ሰተን ከቡድኑ ማሲንቆ ተጫዋች ከጌታመሳይ አበበ ሥር ተቀምጦ ማሲንቆ ተማረ፤ በአማርኛም ዘፈነ። በ1969 ቡድኑ «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞርና በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርብ ተማሪውም ከመምህራኑ ጋር ነበረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ሰተን ከመላኩ ገላው ጋር «ዞሮ ገጠም» የተባለውን አልበም ቀርጿል። በእኛ አስተያየት ትልቁ ቁም ነገር የውጭ ሰው ማሲንቆ መምታቱ አይደለም፤ የተማረበት ሰው ስም ከእርሱ ስም ጋር አብሮ መነሣቱ ነው።

አሁን ወደ ባቲ እንምጣ። አራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ሲሄድ ግማሽ ድምፅ አይገባበትም። ሙሉ ባቲ ግን ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሚል ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ ሲሻገር ጠበብ ያለ እርምጃ አለው፤ ጆሮን የሚቆረቁረው እዚያ ላይ ነው። ጊታር ድምፁ በአንገቱ ላይ በተተከሉት ብረቶች የተወሰነ ነው። ባለ አንድ ጭራው ማሲንቆ ግን እንዲህ ያለ አጥር ስለሌለው ጣት በሁለት ድምፆች መካከል እየተንሸራተተ ያለቅሳል። ይህን መንሸራተት ኖታ በሙሉ አይዘውም፤ ከመምህር እጅ ይቀዳል እንጂ። ስለዚህ የመምህሩ ስም የዕውቀቱ ምንጭ ነውና እንደ ጌጥ ሊታይ አይገባውም።

ቅኝቱ የባቲን ስም ይዞ በመላው ዓለም ይሰማል። ከትውልድ ትውልድ ያሻገሩት አዝማሪዎችና የሠርግ ዘፋኞች ግን አብዛኞቹ ስማቸው አልተጻፈም። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው ተረት ለዚህ ነገር አይበጅም። እኛም ሽማግሌዎቹን ሳንጠይቅ ዜማቸውን በጊታርና በኦርጋን ብቻ ብንጫወት ከዘራፊዎቹ አንለይም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገር ስንገባ ሥራ አለብን። እሑድ የሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አፋሩንና አርጎባውን ያገናኛል። በስልካችን ዘፈን መቅረጽ ቀላል ሆኗል። ነገር ግን ከመቅረጻችን በፊት ፈቃድ እንጠይቅ፤ ከቀረጽንም በኋላ የዘፋኙን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የዘፈነበትን ቋንቋና ከማን እንደ ተማረው በደብተር እንጻፍ። ሽማግሌው ካለፉ በኋላ ዜማው በቴፕ ሊገኝ ይችላል፤ ከማን እንደ ተማሩት ግን የሚነግረን አይኖርም።