የሳሳ የፍሬን ዲስክና የሙቀት ሒሳቡ

አንድ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክል ከነጂውና ከጓዙ ጋር 400 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 154 ኪሎ ጁል ያህል ነው። በድምሩ 3 ኪሎ ግራም የሆኑት ሁለቱ የፊት ዲስኮች ይህን ሁሉ ብቻቸውን ቢቀበሉ፣ በአንድ ማቆም ሙቀታቸው በ100 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል።

ዲስኩ ከ5 ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ሲሳሳ ሙቀት ተሸካሚው ብረት በ10 በመቶ ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል እንወርዳለን፤ ሞተሩና ነፋሱ ባያግዙ ፍሬኑ የሚረከበው ጉልበት ካሰላነው ከ25 እጥፍ ይበልጣል። እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት በዚህ ግለት ቢፈላ፣ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ እጀታው እስከ መሪው ይገባል፤ ፍሬን የለም ማለት ነው።

ስለዚህ በዲስኩ ላይ የታተመውን ዝቅተኛ ውፍረት አንብበን በማይክሮሜትር እንለካለን፤ ሸራው በሚነካው ቦታ እንጂ በጠርዙ አይደለም፤ ጠርዙ ስለማይበላ ያታልላል። ከተጻፈው በታች ከሆነ ዲስኩ ከነሸራው ይለወጣል፤ ብሎኖቹም በሰያፍ እየተፈራረቁ በአምራቹ መመሪያ ልክ ይጠብቃሉ። ሸራውን ለማስገባት ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ከመንቀሳቀሱ በፊት እጀታውን እስኪጠነክር ደጋግመን እንጭመቅ።