የሽርሽር ወጪ በማን ጫንቃ ላይ ነው? በመቱና በአካባቢዋ ቤተሰብ በአነስተኛ ወጪ የሚዝናናባቸው ቦታዎች

መግቢያ

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለን ፏፏቴ እንድንሥል ስንታዘዝ አብዛኞቻችን የምንሥለው ጢስ ዓባይን ነበር። ምክንያቱም በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ስለምናየው ነው። የሶር ፏፏቴ መዳረሻ የሆነችው በቾ ግን ከመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ከክፍላችን ልጆች ሶርን ያየ ስንት ነበር ቢባል፣ በጣት የሚቆጠር ነው። አባቶቻችን “የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል” ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድን የመቱ ነዋሪ “ለምን ቤተሰብህን ይዘህ አትዝናናም?” ብንለው ብዙውን ጊዜ “በምን ገንዘብ?” ብሎ ይመልሳል። መልሱ እውነት አለው፤ በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ወር ማድረስ ራሱ ፈተና ነው። ነገር ግን ሽርሽር ማለት የግድ ሩቅ አገርና ሆቴል ማለት ነው ወይ? በዚህ አጭር ጽሑፍ የሽርሽር ወጪ ምን ምን እንደሆነና በአካባቢያችን በአነስተኛ ወጪ የሚኬድባቸውን ቦታዎች ለመዳሰስ ተሞክሯል።

1. ወጪ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም

የሽርሽር ወጪ ሦስት ነው፦ ገንዘብ፣ ጊዜና ጉልበት። ገንዘቡን ሁሉም ይቆጥረዋል። ጊዜውንም ቢሆን እናስበዋለን። ጉልበቱን ግን የሚቆጥረው የለም፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው አንድ ሰው ነው፤ እሷም እናት ናት።

ለዚህ የራሴን ቤተሰብ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ እሑድ አባቴ “ዛሬ ሶርን እናያለን” አለን። እኛ ልጆች በደስታ ዘለልን። እናቴ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ወጥ ስትሠራ ነበር ያደረችው ማለት ይቻላል። እንጀራው በመሶብ፣ ወጡ በድስት፣ ጀበናውና ሲኒው በዘንቢል፣ ከሰሉ በፌስታል ተይዞ ተነሳን። ከበቾ በኋላ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ የእግር መንገድ አለ፤ መጨረሻው ደግሞ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ቁልቁለት ነው። ያን ሁሉ ዕቃ ይዞ መውረድ ስለማይቻል እናቴ “እናንተ ሂዱ፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ” ብላ ከላይ ቀረች። እኛ አይተን ስንመለስ ቡናው ፈልቶ ጠበቀን። ማታ ቤት ከገባን በኋላ ታናሽ እህቴ “እማዬ፣ ፏፏቴው አያምርም?” ብላ ጠየቀቻት። እናቴም ሰሃን እያጠበች “ድምፁን ሰምቻለሁ” አለቻት።

ያ ሽርሽር ከትራንስፖርቱ በስተቀር ምንም አላስወጣንም እንል ነበር። እንዲያውም ከሁሉም ውድ ሽርሽራችን እሱ ነበር፤ ሂሳቡ የተዘጋው በእናቴ ጉልበት ነው።

2. የት መሄድ ይቻላል?

ሀ) ሶር ወንዝና ፏፏቴው፦ ከክረምት ማግስት፣ በመስከረምና በጥቅምት ውኃው ብዙ ነው፤ መንገዱ ግን ያንሸራትታል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል። መንገድ ለሚያሳየው የበቾ ወጣት ጥቂት ብር መስጠት ተገቢ ነው፤ እሱ ከሌለ ጫካው ያሳስታል። ወደ ገደሉ አፋፍ መጠጋትና በሞላ ወንዝ መዋኘት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሶር ለወደፊት መምህራን ትልቅ የጂኦግራፊ ትምህርትም ነው። ሶር ወደ ገባ ወንዝ ይገባል። ገባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ ይባላሉ። ባሮ በጋምቤላ አልፎ ወደ ሶባት፣ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ነጭ ዓባይ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ልጁ ሶር ላይ ቅጠል ቢጥል፣ ያ ውኃ በአንድ ብር ኖት ላይ ካየው የጢስ ዓባይ ውኃ ጋር ካርቱም ላይ ይገናኛል ማለት ነው። ይህን ለመንገር ምንም መሣሪያ አያስፈልግም።

ለ) የያዩ የጫካ ቡና፦ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ሁሩሙን አልፈን ያዩን እናገኛለን። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን በሦስት ተከፍሏል። ጥብቅ ክልሉ 27,733 ሄክታር ነው፤ ቀጥሎ ጥብቁን ክልል የሚጠብቅ ዙሪያ አለ፤ ከዚያ ውጭ ያለው አብዛኛው ክፍል ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። የአረቢካ ቡና ሳይተከል በጫካ ውስጥ የሚበቅልበት ቦታ ስለሆነ ለዓለም ጭምር ይጠቅማል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ለማየት ወደ ጥብቁ ክልል መግባት አያስፈልግም፤ በደኑ ዳር በእግር መሄድ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መርሳት የለብንም። ለከተማ ልጅ ጫካው መዝናኛ ነው፤ ለገጠር ልጅ ግን የሥራ ቦታ ነው። በቡና ለቀማ ወራት የገበሬው ልጅ እዚያው ሲለቅም ይውላል። “ጫካ ስለሆነ ባለቤት የለውም” ማለት ስሕተት ነው። ስለዚህ ሰላምታ ሰጥቶና አስፈቅዶ መግባት፣ የቡናውን ፍሬ አለመቀንጠስ፣ ዛፍ ላይ ወደተሰቀለ ቀፎም ልጆችን አለማስጠጋት ያስፈልጋል።

ሐ) ጎሬ፦ ጎሬ ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከመቱ በፊት የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው ግዛቱን ያስተዳደሩት ከዚያ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝና ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ሲወጡ፣ በራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴነት የአገሪቱ መንግሥት ለጥቂት ወራት የተቀመጠው በጎሬ ነበር። በአንድ ወቅት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ በነበረች ከተማ ውስጥ መዘዋወር ክፍያ የለውም። አያት ወይም የሰፈር ሽማግሌ አብሮ ከሄደ ደግሞ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ይሰማል። ከጎሬ አጠገብ ያለው የጉመሮ ሻይ ልማትም ከመንገድ ላይ ሆኖ ቢታይ ዓይን ያረካል። ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ነውና ጃንጥላ አይረሳ!

መ) ደጃፋችን፦ ትራንስፖርት የሚባል ነገር የማይጠይቁም አሉ። በየሰፈሩ ዳር ያለው ጨፌ በጠዋት ወፍ ለማየት ይመቻል። ጥምቀት፣ መስቀልና ኢሬቻም ያለ ክፍያ ቤተሰብ ሙሉ የሚወጣባቸው በዓላት ናቸው።

3. ወጪን በትክክል ለመቀነስ

ከላይ ከጠቀስኩት ሽርሽር በኋላ በሌላ ጊዜ ደግመን ሄደናል። የተማርነው የሚከተለውን ነው።

• ምግቡ የማይሞቅና የማይፈስ ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ጎደሬ ይበቃል። ጀበናው ቤት ይቅር፤ ቡናው በፔርሙዝ፣ ውኃው በሃይላንድ ይያዝ።
• ዝግጅቱ ቅዳሜ ማታ ለሁሉም ይከፋፈል። ቆሎ መቁላት ለወንድ ልጅም አይከብድም።
• ሸክሙ በየሰው ይታደል። ሕፃኑን አባት ይዘል።
• ከሁለት ቤተሰብ በላይ አብሮ ቢሄድ የመኪናው ሂሳብ ይቀላል።
• ቆሻሻው በፌስታል ተመልሶ ይምጣ።
• ማታ ለሚበላው ራት ቀድሞ ይታሰብ፤ አለበለዚያ እናት ደክማ ገብታ እንደገና እሳት ታነዳለች።

በሁለተኛው ጉዞ ቁልቁለቱን ከሁላችንም ፊት የወረደችው እናቴ ናት። ታች ደርሳ ነጠላዋ በውኃው ብናኝ እስኪርስ ድረስ ቆማ አየች። “በሉ እንሂድ” ስንላት “ቆይ እስቲ” አለች። እናታችን “ቆይ እስቲ” ስትል እኔ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች ዙሪያ ቤተሰብ የሚዝናናበት ቦታ አልጠፋም፤ ገንዘቡም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። የጎደለው ቅርባችን ያለውን ማወቅና ሥራውን መካፈል ነው። ነገ መምህራን ሆነን በየወረዳው ስንመደብ ተማሪዎቻችን ፏፏቴ ሣሉ ሲባሉ የራሳቸውን ወንዝ እንዲሥሉ ብናደርግ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዳችን በመጪው እሑድ ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሁላችን ስንዝናና ዕቃ የሚጠብቀው ማን ነው?