የፋሲል መዋኛና የቀሃ ወንዝ

ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነስቶ ጎንደር ያልገባ ተማሪ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ለገበያውም ለሕክምናውም የምንሄደው እዚያው ነው። ግንቦቹን ግን «እናውቃቸዋለን» እያልን እናልፋቸዋለን። በተለይ ቀሃ ወንዝ ዳር ያለውን የፋሲል መዋኛ ብዙዎቻችን የምናውቀው በጥምቀት ግርግር ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ታሪኩና ስለ አጎበኛኘቱ ጥቂት ላካፍላችሁ።

ታሪኩ

አፄ ፋሲለደስ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነገሡ፤ ጎንደርንም በ1628 ዓ.ም. ግድም መናገሻቸው አደረጉ። ከተማዋ የቆረቆረችው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ነው። ቤተ መንግሥቱ መሃል ላይ ሲሆን መዋኛው ወረድ ብሎ ቀሃ አጠገብ ይገኛል። በድንጋይና በኖራ የተሠራው ባለ ፎቅ ግንብ ገንዳው ውስጥ ቆሞ በድንጋይ ድልድይ ከዳሩ ይገናኛል። ሕዝቡ ያሠሩት ፋሲል ናቸው ይላል፤ የልጅ ልጃቸው ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ ናቸው የሚሉ አጥኚዎችም አሉ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስንዘግብ ሁለቱንም ማስቀመጥ ይገባናል። ዩኔስኮ መዋኛውን ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አጎበኛኘቱ

የምመክራችሁ ሁለት ጊዜ እንድትሄዱ ነው። መጀመሪያ በአዘቦት ቀን ሂዱ። ገንዳው አብዛኛውን ዓመት ባዶ ስለሆነ ግንቡ የቆመባቸው ቅስቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ዙሪያውን ስትዞሩ የትልልቅ ዛፎች ሥር የአጥሩን ድንጋይ ጥምጥም አድርጎ ይዞት ታያላችሁ። ሁለተኛው ጉዞ ለጥምቀት ይሁን። ጥር 10 ታቦታቱ ወርደው እዚያው ያድራሉ፤ ጥር 11 ጠዋት ውሃው ሲባረክ ወጣቱ ዘሎ ይገባል። ያ ውሃ በቦይ ተጠልፎ የሚመጣው ከቀሃ ነው።

ዋናው ነጥቤም እዚህ ላይ ነው። ቅርስ ሲባል ድንጋዩን ብቻ እናስባለን። ግንቡ ቢጠገን እንኳ ወንዙ ከቆሸሸ ወይም ከነጠፈ መዋኛው ደረቅ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጥምቀት በዓልም ጎንደር ላይ የሚከበረው በዚሁ ውሃ ነው። ከተማው ግን ቆሻሻውን ወደ ቀሃ ይለቃል። እናም ልትጎበኙ ስትሄዱ ግንቡን አይታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ወንዙንም እዩት፣ ስለ እሱም ጻፉ።