ቀዩ ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ ከሎንዶን ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቤክስሊሂዝ በሚባል ስፍራ፣ ቀዩ ቤት የሚሉት አንድ የታወቀ ቤት አለ። ግድግዳው በቀይ ጡብ፣ ጣራውም በቀይ ሸክላ የተሠራ ስለ ሆነ ይህ ስም ወጣለት።

ቤቱን ያሠራው ዊልያም ሞሪስ ነው። ሞሪስ በ1859 በፈረንጆች አቈጣጠር ሚስት አገባ፤ ዕድሜውም 25 ዓመት ነበረ። አባቱ ትቶለት ካለፈው ሀብት ወስዶ ቤት እንዲሠራለት ወዳጁን ፊሊፕ ዌብን ለመነው። ዌብ የ28 ዓመት መሐንዲስ ነበረ፤ ከዚያ በፊት ግን ለብቻው ቤት ሠርቶ አያውቅም።

በዚያ ዘመን ብዙ ባለጸጎች የጡብ ቤታቸውን በልስን ሸፍነው የጥርብ ድንጋይ ያስመስሉት ነበር። ዌብ እንዲህ አላደረገም፤ ጡቡ ጡብ ሆኖ እንዲታይ ያለ ልስን ተወው። መስኮቶቹንም ከውጭ ለሚያይ ሰው እኩል አድርጎ አልደረደረም፤ በውስጥ ለሚኖረው ብርሃን በሚያስፈልግበት ስፍራ ከፈተለት እንጂ። ስለዚህም አንዱ መስኮት ረጅም፣ ሌላው ክብ ሆነ። ቤቱ እንደ አናጢ ማዕዘን ታጥፎ ተሠራ፤ በእጥፋቱም መካከል ሾጣጣ ክዳን ያለው የውኃ ጕድጓድ አለ። ስፍራው የፖም ዛፍ የበዛበት ነበረና ዛፎቹ በከንቱ እንዳይቈረጡ ተጠነቀቁ።

በ1860 ቤቱ ሲፈጸም ሞሪስ በገበያ ያለው የቤት ዕቃ ደስ አላሰኘውም። እርሱና ወዳጆቹ ግድግዳውንና ቁም ሣጥኑን በገዛ እጃቸው ሣሉ፤ ሚስቱ ጄንም ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ አግኝታ አበባ ጠለፈችበት። ከዚህም ሥራ የተነሣ በ1861 ወዳጆቹ ተባብረው የቤት ጌጥ የሚሠራ ማኅበር አቆሙ። ሁለት ሴቶች ልጆችም በዚያ ቤት ተወለዱለት።

ነገር ግን ቤቱ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በእንግሊዝ አገር ፀሓይ በቀትር ጊዜ ዓመቱን ሁሉ በደቡብ በኩል ነው የምትታየው፤ የዚህ ቤት ዋና ዋና ክፍሎች ግን ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረዋል። በክረምት ብርድ ይገባቸዋል። ጡቡና መስኮቱ እንዲህ በጥንቃቄ ታስቦባቸው ሳለ የፀሓይ መንገድ አለመታሰቡ ያስደንቃል። 

ሞሪስ ወደ ሎንዶን ለሥራ መመላለስ አደከመው፤ በ1864 ጽኑ ሕመም ታመመ፤ ከአባቱ የወረሰውም ገቢ እያነሰ ሄደ። በ1865 ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሎንዶን ገባ፤ ቤቱም ለሌላ ሰው ተሸጠ። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ኖሮ በ1896 ሞተ፤ ያን የሚወደውን ቤት ግን ተመልሶ አላየውም።

ዛሬ ቤቱን የሚጠብቀው በ2003 የተረከበው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ነው። በ2013 በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሸፍኖ የኖረ አሮጌ ሥዕል ተገለጠ፤ አዳምና ሔዋን፣ ኖኅ፣ ያዕቆብና ራሔል ተሥለውበት ተገኙ።