መጀመሪያ መዝገቡ፣ ቀጥሎ ጨዋታው

የዕድርን አሠራር ያየ ሰው ሦስት ሥራ ተለይቶ እንደሚሠራ ያውቃል። ጡሩንባው ይጠራል፤ ድንኳን ሥር ይወራል፤ የተወሰነው ግን በጸሐፊው እጅ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የአምናውን መዋጮ ጡሩንባ ነፊውን ሄዶ የሚጠይቅ የለም። ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ ተሰባስባችሁ ገና በእግሩ ያልቆመ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የምትሠሩ ከሆነ፣ በተለይም በአማርኛ ቁልፍ ቃላት የሚጻፍ ቋንቋ ከሆነ፣ የመገናኛ ምርጫችሁን ከዚሁ ልማድ ጀምሩ። ብዙው ማኅበር ተገልብጦ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ ግሩፕ ይከፈታል፣ ከዚያ አርማ ይሠራል፣ መዝገብ የሚታሰበው አንድ ነገር ከጠፋ በኋላ ነው።

የመነጋገሪያውን ቦታ መምረጥ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ሰዉ ቀድሞም ያለው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ አንድ ግሩፕ ክፈቱ፣ የቀድሞው መልእክት ለአዲስ ገቢ እንዲታይ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ፣ አለቀ። አንድ ብቻ ይሁን። አሥራ አምስት ሰው በቴሌግራም፣ በዋትስአፕና በዲስኮርድ ከተበተነ ሦስቱም ጠያቂ እንጂ መላሽ የሌለባቸው ቤቶች ይሆናሉ። «የዓለም ፕሮግራመር ያለው ዲስኮርድ ላይ ነው» የሚል መነሣቱ አይቀርም፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የምትመርጡት ዳባት ላይ ካርድ ሞልቶ ዳታ ለሚገዛው ልጅ ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ተቀምጣችሁ አትወስኑ። አንድ ሰው ከግቢ ወጥቶ፣ በአሮጌ ስልክና በሞባይል ዳታ ይሞክረው። እሱ ካቃተው ገና አልመረጣችሁም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የመነጋገሪያ ቦታ ሁሉ የተውሶ ነው። የረስት ቋንቋ ሰዎች ለዓመታት የተወያዩበትን አይአርሲ የሚባል የጽሑፍ መነጋገሪያ አገልግሎት ሞዚላ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲዘጋው፣ እነሱ ቀድመው ወደ ዲስኮርድና ዙሊፕ ተሰድደው ነበር። የስንቱ ነፃ ሶፍትዌር ማኅበር ቤት የነበረው ፍሪኖድ በ2021 የባለቤትነት ጠብ ሲነሣበት ነዋሪዎቹ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሊቤራ ቻት ጎረፉ። ስላክ የሚባለው የቡድን መነጋገሪያም በ2022 በነፃ ለሚጠቀሙት ከ90 ቀን ያለፈውን መልእክት ዘጋባቸው። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ውጤቱ ግን ያው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው አምስት ወር ገደማ ቆዩ። ከተለቀቁ በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ፣ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የመጀመሪያውን በቪፒኤን የተሻገረ፣ ሁለተኛውን በቪፒኤን አይሻገረውም። ስለዚህ መተግበሪያ ከማወዳደራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቦታ ነገ ጠዋት ባይከፈት እጃችን ላይ ምን ይቀራል?

የሚቀረው ኮዱ የተቀመጠበት የጊት ማኅደር ነው። ማኅደሩን በጊት ያወረደ ሰው ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል፤ መስመር ቢጠፋ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ በፍላሽ ይተላለፋል፤ ከደባርቅ ጎንደር በሚመላለስ ሚኒባስም ይደርሳል። ግን ተጠንቀቁ፤ የሚያሰናክለው ደረጃ ይህ ነው። ጊትሃብ ላይ «ኢሹ» በሚባለው ክፍል የጻፋችሁት ክርክር ከኮዱ ጋር አብሮ አይወርድም። ድረ ገጹ ላይ ጎን ለጎን ስለሚታይ አንድ ማኅደር ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ስታወርዱት ግን ኮዱ ይመጣል፣ ኮዱ ለምን እንዲያ እንደሆነ የሚናገረው ሰርቨሩ ላይ ይቀራል። ይህንን የሚያውቁት አብዛኞቹ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማውረጃ የለም።

እንግዲህ ውሳኔያችሁን ከኮዱ ጎን በተራ የጽሑፍ ፋይል ጻፉት። አራት መስመር ይበቃል፦ ቀኑ፣ ጥያቄው፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ። ምክንያቱን አትዝለሉ። ለምሳሌ በአማርኛ ቋንቋ «ከሆነ» የሚለው ቁልፍ ቃል እንደ እንግሊዝኛው ከሁኔታው በፊት ይምጣ ወይስ እንደ ሰዋስዋችን በኋላ? በፊት ከመጣ ለኮምፒውተሩ ማንበብ ይቀላል፤ በኋላ ከመጣ ለሰዉ። ሁለቱም ወገን ደህና መከራከሪያ አለው፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ቴሌግራም ላይ ይከራከሩና ይስማማሉ። ምክንያቱ ካልተጻፈ በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ ያው ክርክር ከሀ ይጀምራል።

«ስምንት ሰው ሆነን መዝገብ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። መዝገብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ስምንት ሆናችሁ ሳለ ነው። የአንድ ቋንቋ መሠረታዊ ውሳኔዎች የሚበዙት በልጅነቱ ነው፤ ከጎለመሰ በኋላ ብዙ የተጻፈ ፕሮግራም ስለሚሰበር ለመለወጥ ያስቸግራል። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ማኅበር ደግሞ ሰው አይበረክትለትም፤ ክረምት ሲመጣ አንዱ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ አዲ አርቃይ፣ ሌላው ወደ ሐዋሳ ይበተናል፤ ሲመረቅ እስከነጭራሹ ይሄዳል። «ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል?» የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ፈቃደኛ ጸሐፊ በሁለተኛው ወር ይሰለቻል። እኔ የምመርጠው ደንብ ጠያቂው ይጻፍ የሚለው ነው። መላሹ ነገሩን ስለሚያውቀው አሳጥሮ ያልፈዋል፤ ጠያቂው ግን የቱ ጋ እንዳልገባው ስለሚያስታውስ ለቀጣዩ ጀማሪ የሚበጀውን ይጽፋል።

የተጻፈ ነገር ካልተገኘ እንዳልተጻፈ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ለፍለጋ የራሱ ወጥመድ አለው። «ስህተት» ብሎ የሚፈልግ «ስሕተት» ተብሎ የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙባቸውን ሃያ ሠላሳ ቃላት በአንድ ሆሄ ወስናችሁ መዝገቡ መጀመሪያ ላይ አስቀምጡ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አማርኛን ከግሩፑ አስወጡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በኢሜይል ሲጻጻፉ ቢያንስ ሴራ የሚባል የታወቀ የፊደል መተኪያ ሥርዓት ነበራቸው፤ ዛሬ ሁሉም እንደመሰለው ስለሚጽፍ አንዱ የጻፈውን ሌላው ፈልጎ አያገኘውም። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለና ሰበብ የለም። የስህተት መልእክትንም ከስክሪን ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ፤ ገልብጣችሁ በጽሑፍ ለጥፉ፤ ፎቶ ዳታ ይበላል፣ በፍለጋም አይገኝም።

የቀረው ቁልፉ ነው። የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤት አንድ አካውንት ነው፤ አካውንቱ ደግሞ በአንድ ስልክ ቁጥር ላይ የቆመ ነው። ባለቤቱ ሲም ቀይሮ ከጠፋ ወይም ለረጅም ጊዜ ካልገባበት አካውንቱ ራሱን ሊሰርዝ ይችላል። የጊት ማኅደሩንም በአንድ ሰው ስም አታስቀምጡ፤ የድርጅት አካውንት ክፈቱና ቢያንስ ሁለት ባለቤት ይኑረው፣ አንዱ ተመራቂ ያልሆነ። ቴሌግራም ባለቤትነትን ለሌላ የሚያስተላልፈው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ለበራ አካውንት ብቻ ነው። በምርቃት ዋዜማ ያስታወሰ ይረፍድበታል፤ ዛሬውኑ አብሩት።