ትንሿን ስክሪን ስለሚያገለግለው ረዳት ኮድ

በዛሬው ዘመን በልብስ ማጠቢያው፥ በሚዛኑ፥ በነዳጅ መቅጃው ላይ ሁሉ አንዲት ትንሽ ስክሪን ተገጥማ እናያለን። በእርሷ ላይ አንዲት ፊደል እንድትወጣ ምን ያህል ሥራ እንደሚያስፈልግ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ ያሰብሁት፥ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዐት ውስጥ ለእነዚህ ትንንሽ ስክሪኖች የተሠራው ረዳት ኮድ እንዴት እንደ ታቀደ ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ቢሆንም፥ በውስጡ ያለውን ጥያቄ ወላጆቻችንም ጭምር የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ይኸውም የረዳት ሥልጣን እስከ የት ድረስ ነው የሚለው ነው።

ሊኑክስን በ1991 በኤውሮፓ አቆጣጠር የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። የሥርዐቱ እምብርት ከርነል ይባላል። በከርነልና በልዩ ልዩ ዕቃዎች መካከል ሆኖ የሚያነጋግራቸው ኮድ ደግሞ ድራይቨር ይባላል። ቃሉ ሾፌር ማለት ነው፤ ነገር ግን ሥራውን ለተመለከተ ሰው አስተርጓሚ ቢባል በተሻለው ነበር።

የትልቁ ኮምፒዩተር ስክሪን ምስሉን በራሱ ዘንድ አያኖርም፤ የግራፊክስ ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 60 ጊዜ ከሜሞሪ እያነበበ ይልክለታል። ትንሿ ስክሪን ግን በመቆጣጠሪያ ቺፗ ውስጥ የራሷ ሜሞሪ አላት፤ አንድ ጊዜ የተላከላትን ምስል ሌላ እስኪመጣ ድረስ ይዛ ትቆያለች። ስለዚህ ድራይቨሩ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፥ ያዘጋጃታል፥ ምስሉ በተለወጠ ቁጥርም አዲሱን ይልክላታል። መልእክቱ የሚሄደው ኤስፒአይ በሚባሉ ጥቂት ሽቦዎች፥ ቢቱ አንድ በአንድ ተሰልፎ ነው። የሚላከው ነገር ትእዛዝ ይሁን ወይም ሥዕል የሚለይ ሌላ ሽቦም አለ። አይኤልአይ9341 በተባለው ቺፕ፥ በዐሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር፥ ከእንቅልፍ የሚያነቃው ትእዛዝ ቁጥሩ 11፥ ስክሪኗን የሚያበራው 29፥ ሥዕል መጻፍ የሚያስጀምረው 2ሲ ነው። ሚፒ የተባለው የፋብሪካዎች ማኅበር ባወጣው ደንብ ምክንያት፥ የብዙ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ቺፖች እነዚህን ቁጥሮች ይጋራሉ። የረዳት ኮድ ጥቅም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሁሉም የሚናገሩት ቋንቋ አንድ ከሆነ ቋንቋውን በየድራይቨሩ እንደ ገና መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። 320 በ240 የሆነች ስክሪን 76,800 ነጥቦች አሏት። እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢፈጅ ሙሉው ምስል 153,600 ባይት፥ ማለት 1,228,800 ቢት ይሆናል። ሽቦው በሴኮንድ 32 ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፍ ቢሆን፥ አንዱን ምስል ለመላክ 38.4 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል፤ በሴኮንድም ከ26 ምስል በላይ ማሳየት አይቻልም። ነገር ግን በስክሪኗ ላይ የተለወጠው የሰዓቱ ደቂቃ ብቻ፥ ስፋቱም 100 በ40 ነጥብ ነው እንበል። ይህ 8,000 ባይት ብቻ ስለ ሆነ በ2 ሚሊሴኮንድ ያልቃል። እንግዲህ ዋናው ብልሃት የተለወጠውን አራት ማዕዘን ለይቶ እርሱን ብቻ መላክ ነው። ይህን የመለየት ሥራ ለሁሉም በአንድነት መሥራት ይቻላል። ደግሞም ብዙ ፕሮግራሞች ለአንድ ነጥብ 4 ባይት አድርገው ስለሚሥሉ፥ ወደ 2 ባይት የሚያሳንስ ያስፈልጋል። ቺፑ ከሁለቱ ባይቶች ከፍተኛውን አስቀድሞ ሲፈልግ ብዙው ፕሮሰሰር ግን ዝቅተኛውን አስቀድሞ ያኖራል፤ ስለዚህ የሚያገላብጥም ያስፈልጋል።

በ2015 ኤፍቢቲኤፍቲ የተባለ የድራይቨሮች ስብስብ ወደ ከርነሉ ገባ። (ስሙ ለአፍ የማይመች ቢሆን ጥፋቱ የእኔ አይደለም።) የገባውም ገና መታረም የሚገባቸው ሥራዎች በሚቆዩበት ክፍል ነበር፤ የቆመበትም መሠረት ፍሬምቡፈር የሚባለው አሮጌው ነው። አዲሱ መሠረት ዲአርኤም ለትልልቅ ካርዶች የታሰበ ስለ ሆነ፥ የሥዕል ንብርብሩን፥ ምስል አንባቢውን፥ መልክ ለዋጩንና ማያያዣውን ለየብቻ እንዲገልጹለት ይጠይቃል። ትንሿ ስክሪን ግን ከእያንዳንዱ ያላት አንድ ብቻ ነው። ኖራልፍ ትሮነስ የተባለው ሰው እነዚህን በአንድ ጠቅልሎ፥ ድራይቨሩ ስለ ማብራት፥ ስለ ማጥፋትና ምስል ስለ ማደስ ብቻ እንዲመልስ የሚያደርግ ረዳት ሠራ፤ በ2017ም ታይኒዲአርኤም በሚል ስም ከርነል ውስጥ የገባው በዚህ ላይ ተሠርቶ ነው።

እዚህ ላይ ከፍ ብዬ ያነሣሁት ጥያቄ ይመጣል። በአገራችን ደቦ ሲጠራ ጎረቤት በሬውን ጠምዶ ይመጣል፤ የቱ እንደሚታረስና የት ላይ እንደሚቆም የሚናገረው ግን ባለ ማሳው ነው። ለደቦ የመጣው ሰው ባለ ማሳውን ማዘዝ ከጀመረ ረዳትነቱ ያን ጊዜ ቀረ። ኒል ብራውን የተባለ የከርነል ሠራተኛ በ2009 ይህን የመሰለውን አሠራር ስሕተት ነው ብሎ ጽፏል፤ ይኸውም በመካከል የሚቀመጥ ኮድ ድራይቨሩን እየጠራ የሚያዝበት አሠራር ነው። የሚሻለው ድራይቨሩ ሲፈልግ ረዳቱን መጥራቱ፥ ካልፈለገም መተዉ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ሌጎ በ2013 ያወጣው ኢቪ3 የተባለው የሮቦት መጫወቻ ነው። ስክሪኑ 178 በ128 ነጥብ ሲሆን ቺፑ ኤስቲ7586 ይባላል። ይህ ቺፕ ሦስት ሦስት ነጥቦችን በአንድ ባይት ውስጥ ያጭቃል። እንግዲህ የተለወጠው ቦታ ከ10ኛው ዓምድ ቢጀምር ድራይቨሩ ወደ 9 መመለስ አለበት፤ በ20 ቢያበቃም ወደ 21 ማድረስ አለበት። አራት ማዕዘኑን ራሱ ለክቶ ራሱ የሚልክ መካከለኛ ቢኖር ኖሮ የዚህ ስክሪን ፊደል ሁሉ በተበላሸ ነበር፤ ወይም መካከለኛው ለእያንዳንዱ እንግዳ ቺፕ አንድ አንድ ልዩ ቃል እየጨመረ፥ በመጨረሻ ማንም የማያነበው ነገር በሆነ ነበር። ረዳት በሆነው አሠራር ግን ድራይቨሩ አራት ማዕዘኑን ይቀበላል፤ በሦስት ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ለመላክ ብቻ የሚፒውን ረዳት ይጠራል። ቀለም በሚመስለው ወረቀታዊ ስክሪን የሚሠራው ሌላው ድራይቨር ደግሞ የሚፒውን ረዳት ከቶ አይነካውም፤ ትእዛዙ ሌላ ነውና።

ታይኒዲአርኤም ሲጀመር ድራይቨሮቹ የሚገቡበት የራሱ መዝገብ ነበረው፤ ስለዚህ በመጠኑም ቢሆን መካከለኛ ነበር። በ2019 ይህ መዝገብ ተሰረዘ። ጠቃሚዎቹ ተግባሮች ማንም ድራይቨር ሊጠራቸው ወደሚችልበት ወደ ጠቅላላው ዲአርኤም ተዛወሩ፤ ይህንንም ያደረገው ያው የሠራው ሰው ነበር። ስሙ የቀረው ድራይቨሮቹ በተሰበሰቡበት አቃፊ ላይ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ታይኒ፥ ማለት ትንሽ፥ ተባለ። አሁን ደንቡን ለሚከተል አዲስ ቺፕ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው የሚጨነቀው ስለ ስክሪኑ ልክና ስለ አቀሳቀሱ ቅደም ተከተል ነው፤ ሥራውም በጥቂት መቶ መስመሮች ያልቃል።