የአሮጌ ቮልስ የፊት እግር ሲንኳኳ፦ ከመፍታት በፊት መለየት

አሮጌ ቮልስ ያለው ሰው ኮረኮንች ላይ ሲነዳ ከፊት በኩል «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ምክር አንድ ነው፤ «አሞርዛተሩ ሞቷል፣ ቀይረው!» ይቀይራል፣ ገንዘቡንም ይከፍላል፤ ድምፁ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ለምን? ያለቀው ሌላ ነገር ነበራ! ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለቴክኒክ ሙያ እጩ መምህራንና ደጃፉ ላይ ቁልፍ ይዞ ለሚታገል ሁሉ ሲሆን፣ ዓላማውም ያለቀውን ክፍል አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈቱ እንዴት መለየት እንደሚቻል ማሳየት ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከተሠራች ወዲህ ደግሞ ዕቃ በከንቱ መቀያየር የሚያዋጣ አይደለም።

በመጀመሪያ ቮልስ በምን ላይ እንደቆመች እንመልከት። ከፊት በኩል ጥቅል ሞላም ባሌስትራም የላትም። በአግድም የተቀመጡ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ በውስጣቸው የተደረደሩት ቀጫጭን የብረት ልጦች ሲጠማዘዙ የሞላን ሥራ ይሠራሉ። ከየቱቦው ጫፍ የሚወጣው ክንድ ጎማውን ይሸከማል። እ.ኤ.አ. እስከ 1965 አጋማሽ በተሠሩት ላይ በየጎኑ ሁለት አግድም ፔርኖዎችና ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት አንድ ቋሚ ፔርኖ ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ በወጡት ላይ በፔርኖዎቹ ፋንታ የኳስ መጋጠሚያ ገብቷል። 1302 እና 1303 የሚባሉት ግን አሞርዛተሩን የከበበ ጥቅል ሞላ ስላላቸው ይህ ትምህርት እነርሱን አይመለከትም። ያ ሞላ ተጨምቆ የተቀመጠ ነውና ያለ መጭመቂያ መሣሪያ እንዳትነኩት።

አሁን ወደ ሥራው። መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይታገዱ። ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለመደገፍ አይደለም! ከተነሣች በኋላ ከታችኛው ቱቦ ሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ ወይም ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ይግባ። ብሎኬትማ አይሆንም፤ ሲያዩት የጸና ይመስላል፣ ክብደት ሲያርፍበት ግን ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው። «ለሁለት ደቂቃ ነው» እያለ በክሪክ ብቻ ከሥር የሚገባ ሰው ነው ተጨፍልቆ የሚቀረው።

ግሪስ ከመጨመራችሁ በፊት ፈትሹ፤ አዲስ ግሪስ ክፍተቱን ይሸፍነዋል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። ተንቀሳቀሰ? እንግዲህ ጓደኛችሁ ገብቶ የእግር ፍሬን ይርገጥና እንደገና ወዝውዙ። እንቅስቃሴው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ የፔርኖ፣ በኋለኞቹ ደግሞ የኳሱ መጋጠሚያ ነው። ይህች አንዲት ፍተሻ ናት ስንቱን ወጪ የምታድነው! ከዚያም በባትሪ መብራት እያያችሁ ክፍተቱ በየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚታይ ተከታተሉ። ጎማው በጎንና በጎን ሲያዝ ብቻ የሚላወስ ከሆነ የመሪ ዘንጎቹን ጫፎች ተመልከቱ። አሞርዛተሩን ለመፈተን መኪናዋን አውርዱና ፓራፋንጎውን ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ደጋግማ ከዘለለች በእርግጥም ሞቷል።

ኩሽኔታው ላልቶ ብቻ ከሆነ በቤት ይስተካከላል። በግራ ጎማ ላይ የፍጥነት መለኪያው ገመድ በኩሽኔታው ክዳን በኩል ስለሚያልፍ መቆለፊያዋን ሽቦ መጀመሪያ አውጡ። የግራው ዳዶ ጥርሱ ግልባጭ ነው፤ ይህን ሳያውቅ «አልፈታም አለ» እያለ በረጅም ቧንቧ የሚታገል ጥርሱን ይጨርሳል። ማጥበቁ ልክ የሚሆነው ከዳዶው ሥር ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ሲገፋ በጭንቅ ሲላወስ ነው።

አግድሙ ፔርኖ ከሆነ ማጥበቂያውን ብሎን አላልታችሁ ፔርኖውን እስኪጠብቅ አዙሩ፤ ከዚያም የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል መልሱና ብሎኑን አጥብቁ። አሁን ነው ግሪስ የሚገባው፤ ጎማው እንደተንጠለጠለ፣ አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ። መሬት ላይ እንደቆመች ከተሞላ ግሪሱ ክብደት ወዳለበት ጎን አይደርስም። ቋሚው ፔርኖና የኳሱ መጋጠሚያ ግን በፕሬስ የሚወጡና የሚገቡ ናቸው፤ በመዶሻ አትታገሉ፣ ክፍሉን ፈታችሁ ወደ ጋራዥ ውሰዱት።

የኋላውን በተመለከተ አሞርዛተሩን መቀየር ይቻላል፤ ሁለት ብሎን ነው። ከጎኑ ያለውን ሰፊ የብረት ክንድ ግን አትንኩ። ክንዱ በተጠማዘዘ ዘንግ ኃይል ተወጥሮ በማቆሚያው ላይ ያረፈ ነው፤ ከዚያ ካመለጠ እጅ የሚሰብር ጉልበት አለው።

መኪናዋ ከወረደች በኋላ የጎማ ብሎኖች በደንብ ይጥበቁ። ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ያንኑ ኮረኮንች አቋርጡ፣ ፍሬኑንም ሞክሩ። በማግስቱ ያንኑ ጎማ እንደገና አንሡና ወዝውዙ።